«ለሁሉም ይሆናል» የሚሏችሁን የካምቢዮ ዘይት አትግዙ

ማኑዋል አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ጎጃም ውስጥ የምትነዱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይችን አንብቡልኝ። ደብረ ማርቆስ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የካምቢዮ ዘይት አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ፣ ልጆቼን ጭኜ፣ ማርሽ አሳጥቶኛል።

መኪናዬ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪት። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች እንደ ዕቃ አላያትም። ክረምቱ እንደወጣ የካምቢዮ ዘይቷን ልቀይር አሰብኩ። ለቮልስ 2.5 ሊትር ይበቃል፤ 3 ሊትር ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ በሩ ላይ ካቆመው በርሜል እየቀዳ ነው የሚሸጠው። በርሜሉ ላይ በእጅ «ጂኤል 5» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«የኔ መኪና የምትፈልገው ጂኤል 4 ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ 5 ከ4 ይበልጣል እኮ! ይሄ የተሻለው ነው። ለሁሉም ይሆናል።»

ከታሸገው በሊትር 250 ብር ይቀንሳል። በ3 ሊትር 750 ብር መሆኑ ነው። ልጁ በልበ ሙሉነት ሲናገር አመንኩት። ጀሪካን አቀበልኩት፣ ቀዳልኝ፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማርሹ አልገባ ማለት ጀመረ። የማርቆስን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ዘንጉን ስገፋው የቀዘቀዘ ገንፎ የማማስል ይመስለኝ ነበር። ሲሞቅ ይለቃል ብዬ ተውኩት። ወራት አለፉ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ። እሱንም ፍሪሲዮን ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ወደ ፍቼ ተነሳን። ደጀንን አልፋችሁ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ በፍሬን ብቻ አይወረድም፤ ማርሽ ነው የሚይዛችሁ። ኩርባው ላይ ሁለተኛ ላስገባ ስል አልገባም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ጮኸ፣ ተፋው። መኪናዋ ባዶ ማርሽ ላይ ሆና መንደርደር ጀመረች። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ፣ እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩ። የፍሬኑ ሽታ መኪናውን ሞላው። ትንሿ ልጄ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ከቆመች በኋላ ሁለተኛ ገባልኝ፤ እስከ ድልድዩ በዚያው እየተሳብን ወረድን። ያን ቀን ከኋላዬ አይሱዙ ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ማርቆስ ስመለስ ለብዙ ዘመን ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ዘይቱን ንጹሕ ሳህን ላይ አወረዱት። ፀሐይ ላይ ወስደው ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ወርቅ ዱቄት ያብረቀርቃል። ማግኔት ከተቱበት። ብናኙ አልተያዘም።

«አየህ ልጄ፣ ብረት ቢሆን ማግኔቱ ያነሳው ነበር። ይሄ የቀለበቶቹ ነሐስ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባሉ ቀለበቶች አሉ። በብዙ አሮጌ መኪና ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ማርሽ ስትቀይሩ ቀለበቱ ጥርሱን በሰበቃ ይይዝና የሁለቱን ፍጥነት እኩል ያደርጋል። ያኔ ነው ማርሹ ሳይጮህ የሚገባው። ስለዚህ ዘይቱ ጥርሶቹን ማለስለስ አለበት፤ ቀለበቱን ግን እንዲያንሸራትት አይፈለግም።

ጂኤል 4 እና 5 የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣቸው ምድቦች ናቸው። የጥራት ደረጃ አይደሉም! እኔን ያታለለኝ ይሄ ነው። ጂኤል 5 በዋናነት የተሠራው ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተፋተጉ ለሚዞሩበት ዲፈረንሻል (ከካምቢዮ የመጣውን ኃይል ለጎማዎቹ ለሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ለዚያ ሲባል ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ማጠናከሪያ ይጨመርበታል፤ መጠኑ ከጂኤል 4 እጥፍ ያህል ነው። ያ ለኋላ ዲፈረንሻል መድኃኒት ነው። የነሐስ ቀለበት ላይ ሲመጣ ግን አንድም ያንሸራትተዋል፣ አንድም ሲሞቅ እየበላ ይጨርሰዋል። ቮልስ ላይ ደግሞ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። «ለዲፈረንሻሉ 5፣ ለካምቢዮው 4» ብሎ መለየት አይቻልም። ትክክለኛው 4 ነው።

ሁሉም መኪና እንደ ቮልስ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች መመሪያቸው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ፔጆ 504 ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው የሞተር ዘይት ነው። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ነገር የሌለውም ለዚህ ነው። የመኪናችሁን መመሪያ ፈልጉ። ከጠፋ ያንኑ መኪና ለዓመታት የሠራ መካኒክ ጠይቁ፤ ዘይት ሻጭን አይደለም።

ውፍረቱንም ተመልከቱ። ቆርቆሮው ላይ 80ደብሊው-90 ሲል የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ነው፤ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። «40 የሞተር ዘይት ስለሆነ ቀጭን ነው፣ 90 ደግሞ እጥፍ ይወፍራል» የሚሏችሁን አትስሙ። የሞተርና የካምቢዮ ዘይት መለኪያቸው ለየብቻ ነው፤ የካምቢዮ 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ብዙም አይርቅም።

ከበርሜል የተቀዳ በጭራሽ አትግዙ። በርሜሉ ላይ ወረቀት የለጠፈው ሻጩ ራሱ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ የምታረጋግጡበት መንገድ የላችሁም። የታሸገ ግዙ፤ ቆርቆሮው እናንተ ፊት ይከፈት። ክዳኑ ተነክቶ እንደሆነ እዩ። ደረሰኝ ላይ ደግሞ «የካምቢዮ ዘይት» ብቻ ሳይሆን ጂኤል ስንት እንደሆነ ይጻፍላችሁ።

ስታስቀይሩም መጀመሪያ የላይኛው የመሙያ ቡሎን ይፈታ። ቮልስ ላይ 17 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ነው የሚፈታው። የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው አልፈታ ካለ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ ድረስ ይሞላ። ይሄን ያሳዩኝ እኚሁ መካኒክ ናቸው።

ቀለበቶቹ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ቆመች። ከነእጅ ዋጋው የአንድ ወር ደመወዜን ጨረሰው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። «ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለኝ። በርሜሉን እንዲያነሳው፣ ካልሆነም ወረቀቱ ላይ «ለዲፈረንሻል» ብሎ እንዲጽፍበት ለመንኩት። እሺ አለኝ። ትናንት በዚያ ሳልፍ በርሜሉም ወረቀቱም እንዳሉ ነበሩ። አንድ ወጣት ባለታክሲ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ነገርኩት፤ ጀሪካኑን ባዶውን ይዞ ሄደ።