ያገለገለ መኪና ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን አጣሩ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ በተለይም በኡበርና በሊፍት ለመስራት የቸኮላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። አምራቹ ራሱ «እሳት ሊያስነሳ ይችላል» ብሎ ለነጻ ጥገና የጠራውን (ሪኮል ያደረገውን) መኪና ሳይጠገን ለእናንተ መሸጥ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ አልተከለከለም። አዲስ መኪና ቢሆን ነጋዴው ሪኮሉ ሳይጠገን ማስረከብ አይችልም። 35 እና ከዚያ በላይ መኪና ያለው አከራይ ድርጅትም እንዲሁ ማከራየት አይችልም። ያገለገለ መኪና ሻጩ ግን ይችላል፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቃል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ መሸጫ ሄደን ያየሁት አሁንም ያናድደኛል። መኪናው ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም የወረደ ነበር። ኮፈኑን ስንከፍት ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ ከስር ሳይ ግን የሞተሩ የታችኛው መከለያ በዘይት ርሷል። ጥቂት ነድተነው ስንመለስ የሚቃጠል ዘይት ሸተተን። ሻጩ «ሞተሩ ሲታጠብ የቀረ ሳሙና ነው» አለ። ከፊት መስታወቱ ስር በሾፌሩ በኩል የተጻፈውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥሩን፣ በስልኬ ሪኮል ማጣሪያ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ፤ ያልተጠገኑ ሁለት ሪኮሎች ወጡ፣ አንደኛው የእሳት ነበር። ስጠይቀው አላፈረም። «ሪኮል የሌለበት መኪና የለም፤ እየነዳችሁ ታስጠግኑታላችሁ» ብሎ ውሉን ወደ ልጁ ገፋው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ መኪናው ያለ ምንም ዋስትና እንዳለ እንደሚሸጥ ይናገራል። ጥለን ወጣን። ያንን መኪና ግን ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ከእኛው አንዱ፣ ገዝቶት ይሆናል።

እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የሂዩንዳይና የኪያ ጉዳይ ነው። ቴታ ሁለት የሚባሉት ባለ 2.0 እና ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች ሲመረቱ የብረት ብናኝ ውስጣቸው ቀርቶ የዘይቱን መተላለፊያ ይዘጋ ነበር። ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዘይት ሲያጣ ይፋጫል፣ ያንኳኳል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። የተሰበረው ቢየላ የሞተሩን አካል ሲበሳ ዘይቱ በጋለው ማርሚታ ላይ ይፈስሳል፤ እሳቱም ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 470,000 የሚጠጉ የ2011 እና የ2012 ሶናታዎች ተጠሩ፤ በ2017 ሳንታፌ ስፖርት፣ ኦፕቲማ፣ ሶሬንቶና ስፖርቴጅ ተጨምረው ሌላ 1.2 ሚሊዮን ያህል ተጠራ። ኩባንያዎቹ ጥሪውን አዘግይተዋል በሚል በ2020 ሂዩንዳይ በ140 ሚሊዮን፣ ኪያ በ70 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተስማሙ። ጉዳዩን ለመንግሥት ያጋለጠው የሂዩንዳይ መሐንዲስ ኪም ጓንግ ሆ በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸልሟል። ይገባዋልም እላለሁ።

ሌላኛው ደግሞ ይብሳል፤ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ይነሳልና። የኤቢኤስ (በድንገት ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ፍሬን መቆጣጠሪያ ሞተሩ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አይለየውም። የፍሬን ዘይት ወደ ውስጡ ሲያፈስ ገመዶቹ ይገናኙና ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት በመስከረም 2023 ሁለቱ ኩባንያዎች 3.37 ሚሊዮን መኪና ጠርተው እስኪጠገን ድረስ ከቤት ርቆ ውጭ እንዲቆም አሳሰቡ። ልጆች የሚተኙበት ክፍል ስር ባለ ጋራዥ እንዲህ ያለ መኪና ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ነገሩ የሁለት ኩባንያ ብቻ አይደለም። የቆየ የነዳጅ ቱቦ በማንኛውም መኪና ሊያፈስ ይችላል። እኛ ሾፌሮች ደግሞ ካሜራ፣ ቻርጀርና ማንቂያ ደወል ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ እያስቀጠልን የራሳችንን አደጋ እንጨምራለን። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት ያስቀጠለውን ሽቦ ባለሙያ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

«ካልወደዳችሁት በሦስት ቀን መልሱት» የሚለውን ወሬ አትመኑ፤ በመሸጫ ቦታ ለተገዛ መኪና ፌደራል ሕጉ እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም። ሻጩ አስጠግናለሁ ካለ ተጠግኖ ያለቀበትን የአምራቹን ወኪል ወረቀት ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ኢንሹራንሳችሁ የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የተቃጠለው መኪና አይከፈላችሁም፤ የመኪናው ዕዳ ግን ይቀራል። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ምክንያቱም የሞተር ዋስትና ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሪኮሉን ማጣራት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥገናውንም ለሁለተኛም ሆነ ለሦስተኛ ባለቤት የሚሰራው የአምራቹ ወኪል በነጻ ነው። እየነዳችሁ ጭስ ካያችሁ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ይራቅ፣ 911 ደውሉ። ኮፈኑን አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በስልክ ቁጥር 888-327-4236 ለመንግሥት የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት አመልክቱ፤ ያልተመዘገበ እሳት ለምርመራ አይበቃም።