«ፎርማት ይደረግ» ላላለኝ ልጅ

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለችኝ። እንተይባለን፣ ፕሪንት እናደርጋለን፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛም አለ። ሥራውን የምታውቁ ግንቦት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም፤ ተመራቂው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ በር ላይ የሚሰለፍበት ወር ነው። ኮምፒውተሬ እምቢ ያለችው እንግዲህ በዚያው በግንቦት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ከዋዜማው መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቶ ነበር። ጠዋት ሳበራት ደህና ተነሣች፣ ፓስወርድ ጠየቀች፣ አስገባሁ፣ ተቀበለችኝ። ከዚያ እነዚያ ነጠብጣቦች መዞር ጀመሩ። ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን ስኒ ስጨርስም ይዞራሉ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው። በሦስተኛው ጭራሽ ወደ ፓስወርዱ መለሰችኝ። በር ላይ ሦስት ተማሪዎች ቆመዋል፤ አንዷ በማግስቱ አስረካቢ ናት።

ተሸክሜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሮጥኩ። ስሙ ይቆየኝ። ባለሙያው ገመድ እንኳ ሳይሰካ «ዊንዶውሷ ሄዷል፣ ፎርማት ትደረግ፣ 1,500 ብር» አለኝ። «ፋይሎቼስ?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ እኔ ደግሞ ምን እንደሚያስከፍለኝ አውቃለሁ። የሰው ጽሑፍ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ የድሮ ደንበኞቼ ሰነድ ብዙው በቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ያ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ፊደሎቹን የጫነልኝ ሰው አገር ጥሎ ከሄደ ቆይቷል። ኮምፒውተሬን አቅፌ ወጣሁ።

የልጁን ስልክ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ባለ ካፌዋ ናት። ደወልኩለትና የሆነውን ስነግረው ገና «መጣሁ» ሳይል ጥያቄ ጀመረ። «እትዬ፣ ፓስወርዱ ስህተት ነው ትልዎታለች ወይስ ተቀብላ ነው የምትቆመው?» ሁለቱ ለካ ለየቅል በሽታ ናቸው። ስህተት ነው የምትል ከሆነ ካፕስ ሎክና ነም ሎክን፣ በቀኝ በኩል ከታች ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት፣ ፓስወርዱ አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭኖ የጻፉትን ማንበብ ነው መጀመሪያው። ተቀብላ ከቆመች ግን ፓስወርዱን ተዉት፣ ችግሩ ከበሩ ወዲያ ነው አለኝ። ቀጠለና «ምን የተለየ ነገር ነበር ትናንት? ዲስኳ ስንት ናት? ስንት ቀርቷት ነበር?» የመጨረሻውን አላውቅም። አይቼው አላውቅም።

አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ይህንንም ልናገር። ከመጣ በኋላ ግን ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ የኔትወርክ ገመዱን ሁሉ ነቀለና ደግሞ ሞከራት። አልሆነም። አንዳንዴ የተሰካ ዕቃ ነው የሚይዛት፣ እሱን መጀመሪያ ማውጣት ነው አለ። ቀጥሎ ያደረገው ነው ያስደነገጠኝ። ኬዙን ከፍቶ ኤስኤስዲዋን፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥባትን ዲስክ፣ አወጣት፣ በኬብል ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኛት፣ የእኔ ፎልደር ተከፈተ። ፓስወርዴን ማንም አልጠየቀም! «ይሄ ፓስወርድ በር እንጂ ካዝና አይደለም» አለኝ እየሳቀ። ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ በርቶ ቢሆን ኖሮ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ያስፈልገው ነበር፤ የእኔ ላይ አልበራም። እሱን ሌላ ቀን እናስብበታለን። ለጊዜው የሁሉንም ሰው ጽሑፍ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ቀዳልኝ፤ የማግስቱ አስረካቢዋም የራሷን በፍላሽ ይዛ ሌላ ቤት ለማተም ሄደች። ከዚህ በኋላ ብትፈነዳም ግድ የለኝም ነበር።

ዲስኳን መለሰና ወደ ጥገናው ገባ። ፓስወርድ በሚጠየቅበት ገጽ ላይ፣ በቀኝ ጥግ ያለውን የማጥፊያ ምልክት ነካ፣ ሺፍትን ተጭኖ ይዞ ሪስታርት አለ። ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ ምርጫ በምርጫ እየገባ መጨረሻ ላይ ኤፍ 4ን ተጫነ። ሴፍ ሞድ ነው፤ ኮምፒውተሯ የግድ የሚያስፈልጋትን ብቻ ይዛ የምትነሣበት። ገባች! ግን ዴስክቶፑ ባዶ ነው። አንድም ፎልደር የለም። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሱ «አሁን ነው የገባኝ» አለ።

ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። 120 ጊጋ የነበረችው ዲስክ ሞልታ ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው የቀራት። የሞላትም ቴሌግራም ነው። ደንበኛ ሁሉ ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፣ ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ቴሌግራም ደግሞ የወረደውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ፎልደር ያጠራቅማል፤ 38 ጊጋ ደርሶ ነበር። ዊንዶውስ ሲያስገባህ የሚጽፍበት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ የለም፣ ላዩ ላይ መብራቱ በመሐል ሄደ፣ ዴስክቶፔና ቅንብሬ የሚያዝበት የተጠቃሚ ማኅደሬ ተበላሸ። የራሴን ማኅደር መክፈት ሲያቅተው ባዶ ጊዜያዊ ማኅደር ሰጠኝ። «እዚህ ላይ ምንም እንዳያስቀምጡ፣ ሲወጡ ይጠፋል» ብሎ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣው። እውነተኛው ፎልደሬ ሲ ውስጥ፣ ዩዘርስ የሚለው ሥር፣ እንደነበረ ተቀምጧል፤ ከፍቶ አሳየኝ።

የቴሌግራሙን ክምር ወደ ውጭ ዲስክ አዛወረ፣ ጊዜያዊ ፋይሎችን ጠራረገ። ከዚያ ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚመዘግብበት ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ፣ መጀመሪያ የነበረውን ቅጂ ካስቀመጠ በኋላ፣ በእኔ ማኅደር መዝገብ ስም መጨረሻ ላይ የተለጠፈችውን «ባክ» የምትል ጭራ አነሣ። ይህችን እናንተ እንዳትሞክሯት፤ እኔም ዓይኔ እያየ እንኳ ዳግም አልሠራትም። ሪስታርት። ፓስወርድ። ነጠብጣቦቹ ሁለት ዙር ዞሩና ዴስክቶፔ ከነዝርክርኩ ቁጭ አለ። ቪዥዋል ግዕዝም አለ።

ያስከፈለኝ 1,200 ብር ነው። ርካሽ ስለሆነ አይደለም እንግዲህ የምጠቁማችሁ። የሚሸጠውን ሳይሆን ያለውን ስለሚናገር ነው። ለምሳሌ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ መቋረጡን፣ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ፕሮሰሰሯ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ስለሆነ ለዊንዶውስ 11 የወጣውን መስፈርት እንደማታሟላ ነገረኝ። «እጭንልዎታለሁ» ማለት ይችል ነበር። ያለው «ብር ሲያገኙ ሌላ ይግዙ፣ እስከዚያ ዲስኳን ሩብ ያህል ባዶ ያድርጓት፣ ዩፒኤስም ያስፈልግዎታል» ነው፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘውን ባትሪ ማለቱ ነው። ዩፒኤሱን ገዝቻለሁ።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ መገናኛ አካባቢ ነው የሚሠራው፣ ቤት ድረስም ይመጣል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሑድ አያነሣም። «ፎርማት አድርግልኝ» ብላችሁ ከደወላችሁ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል በጥያቄ ያደርቃችኋል፤ ታገሡት።