ለጀልባችሁ ፕሮፔለር ልትገዙ ከሆነ ማስመሪያ ሳትይዙ እንዳትሄዱ

ጣና ላይ በናፍጣ ጀልባ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይሄን የምጽፈው እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። ሐዋሳና ዝዋይ ላላችሁም ይጠቅማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጌ ዳርቻ ላይ ፕሮፔለሬ፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው፣ ድንጋይ መታና አንዱ ክንፉ ተቆረጠ። ባለ ሦስት ክንፍ ነበር፣ 18 በ11። የመጀመሪያው ቁጥር ሲዞር የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋቱ ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ፒች የሚባለው ነው። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን እንጨት ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ የሚናገር ቁጥር ነው።

አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ ሄድኩ። "ወንድሜ፣ ሞተርህ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?" አለኝ። 40 አልኩት። ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ የለም። ካምቢዮው ዙሩን በስንት እንደሚቀንስ አልጠየቀም። የጀልባውን ርዝመት አልጠየቀም። የት እንደምሠራም አልጠየቀም። የሚያብለጨልጭ ነሐስ አወጣና "18 በ11፣ ኦሪጅናል፣ በጅቡቲ የገባ። እንደውም ፍጥነት ይጨምርልሃል" አለኝ። ቁጥሩም ላዩ ላይ ተመቷል። ከፈልኩ።

"ፍጥነት ይጨምርልሃል" ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ። የእኛ ጀልባዎች ውሃውን ከፍለው የሚሄዱ ናቸው፤ እንደ ስፒድ ቦት ውሃው ላይ ተነስተው አይበሩም። የእንዲህ ያለ ጀልባ ፍጥነት በርዝመቱ የተወሰነ ነው። ውሃው የሚነካውን ርዝመት በሜትር ለኩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4.5 አባዙት። የእኔ 9 ሜትር ነው። ስኩዌር ሩቱ 3፣ ሲባዛ 13.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከዚያ በላይ ልሂድ ሲል ጀልባው ራሱ ያስነሳውን ማዕበል ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ናፍጣ ይጠጣል እንጂ አይፈጥንም። ስለዚህ በፕሮፔለር ፍጥነት እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

ገጥመን ወጣን። ድሮ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው በደቂቃ 2,550 ዙር ይደርስ የነበረው ሞተር ከ2,100 አላልፍ አለ። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው፣ ከሰል የመሰለ። መጀመሪያ እምቦጭ የተጠመጠመበት መስሎኝ ውሃ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ንጹሕ ነው። ሥራ ማቆም ስላልቻልኩ በዚያው ሦስት ሳምንት ሄድኩበት። በመጨረሻ ሙቀቱ ወጣና የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተቃጠለ።

ሜካኒካችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞተሩን ገና ሳይነኩ "ልጄ፣ በሽታው እዚህ አይደለም፤ ፕሮፔለሩን አውጣው" አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና ማስመሪያ አመጡ። ይሄን ልብ ብላችሁ ያዙት፣ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመሐሉ እስከ ክንፉ ጫፍ ካለው ርቀት 70 በመቶው ላይ ምልክት አድርጉ። ለ18 ኢንች ፕሮፔለር 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ርቀት ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ስሌቱን ያቀለዋል። እዚያ መስመር ላይ የክንፉ አንዱ ጠርዝ ከጠረጴዛው ስንት ከፍ እንዳለ ለኩ፣ ሌላውንም ለኩ፣ ቀንሱ። ከዚያ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለውን አግድም ርቀት ጠረጴዛው ላይ ለኩ። የከፍታውን ልዩነት ለአግድሙ አካፍሉና በዙሪያው አባዙት። የእኔ የከፍታ ልዩነት 6 ሴንቲ ሜትር፣ አግድሙ 15 ሆነ። 40 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ወደ 16 ኢንች። 11 ተብሎ የተሸጠልኝ! ሁለተኛው ክንፍ ደግሞ 36 ወጣ። ክንፎቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም። ያ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ንዝረት ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት። ጎድጎድ ብሏል። የድሮው ቁጥር በሊማ ተፍቆ አዲስ ተመቶበታል። ጠርዙን ትንሽ ስንፍቀው ደግሞ ቢጫ ሳይሆን ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ወጣ። ባሕር ላይ ብዙ የሠራና ዚንኩ በጨው የተበላ ነሐስ እንዲህ ይሆናል። ደህናው በመዶሻ እጀታ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የእኔው እንደ እንጨት ድም አለ። አንጸባርቆ የታየኝ ስለተወለወለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን አናስበውም። ፕሮፔለሩ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ በባሕር ልክ የተመረጠ ከሆነ ለእኛ ይከብዳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ 40 የተባለው እዚህ 33 ገደማ ነው ማለት ነው። አየሩ ሳሳ፣ ውሃው ግን አልሳሳም። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያንኑ ውሃ ነው። ስለዚህ ለባሕር የተዘጋጀ የፕሮፔለር መምረጫ ሰንጠረዥ የሚሰጣችሁን ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። ፒቹን አንድ ኢንች ያህል ዝቅ አድርጉ።

ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ የሻፍቱም ነገር አለ። ሻፍቱ የሚገባበት ሾጣጣ ቀዳዳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ 1 ለ10፣ 1 ለ12፣ 1 ለ16 የሚባሉ አሉ። "ቶርኖ ቤት ያስተካክሉልሃል" ቢሏችሁ አትስሙ። ሻፍቱን ጥላሸት ቀብታችሁ ፕሮፔለሩን አስገቡና አውጡት። ቀዳዳው ውስጥ ጥላሸቱ ዙሪያውን እኩል ካልያዘ ዳዶው ቢጠብቅም አንድ ቀን ይፈታል፣ መሐል ሐይቅ ላይ። አዟዟሩንም እዩ፤ ጀልባው ወደፊት ሲሄድ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩት ሻፍቱ ወደ ቀኝ ይዞራል ወይስ ወደ ግራ? ፕሮፔለሩም ለዚያው አዟዟር የተሠራ መሆን አለበት።

ደረሰኙ ላይ ስፋቱን፣ ፒቹን፣ የክንፉን ብዛትና አዟዟሩን አስጽፉ። የእኔ ደረሰኝ "ፕሮፔለር 1" ብቻ ይላል፤ ለዚህ ነው ስመለስ አፌን የያዘው። ሙከራውን ሙሉ ጭነት ይዛችሁ እስክታደርጉ ድረስ የመመለስ መብታችሁንም በጽሑፍ ተዋዋሉ። ነዳጁን እስከ ጥግ ስትሰጡት ሞተሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዙር ጋ መጠጋት አለበት። በብዙ ካነሰ ፒቹ በዝቷል፣ ጭሱም ይነግራችኋል።

ሰውየው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብሎኛል። ስወጣ መደርደሪያው ላይ ሌሎች ሁለት ፕሮፔለሮች አየሁ። ተወልውለዋል፣ ቁጥራቸው ጋ ያው የሊማ ጭረት አለ።