ጥሬ ፍግ ወይስ ዩሪያ፦ ለጅማ ማሳ የትኛው ይሻላል?

በጅማ ዙሪያ ከብት ለሚያረባና ቡና፣ በቆሎና አትክልት ለሚያለማ ገበሬ ይህ ምርጫ ከዋጋ ባሻገር መድኃኒት የተላመዱ (መድኃኒቱ የማይገድላቸው) ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ የመብዛታቸውን ጉዳይ ይነካል።

ወጪ፦ ፍግ ከበረት ይገኛል፤ ዩሪያ ይገዛል።

ስጋት፦ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የተወጋች ላም ከመድኃኒቱ ብዙውን ሳይለወጥ በሽንቷና በእበቷ ስለምታስወጣ፣ ጥሬ ፍግ የመድኃኒቱን ቅሪትና የተላመዱትን ባክቴሪያዎች አብሮ ወደ ማሳ ያስገባል፤ የመላመድ ዘረመላቸውም ወደ አፈሩ ነባር ባክቴሪያዎች ሊተላለፍ ይችላል። ሰላጣና ካሮት በጥሬው ስለሚበሉ፣ በእነሱ መደብ ላይ ጥሬ ፍግ መበተን በእጅጉ ያሳስበኛል። 46 በመቶ ናይትሮጅን የያዘው ዩሪያ ይህን ጭነት አያመጣም፤ ነገር ግን የአፈሩን ባክቴሪያዎች ስብጥር ይለውጣል፣ የአካባቢውንም አፈር አሲዳማነት ያባብሳል።

ለአፈር ጤና፦ ፍግ ይበልጣል።

ለቡናና ለበቆሎ፣ በአካፋ ሲገለበጥ እንፋሎቱ ፊት እስኪመታ ድረስ የሞቀና ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለቀናት የቆየ የፍግ ብስባሽ (ኮምፖስት) ተመራጭ ነው፤ ሙቀቱ ቅሪቱንና ዘረመሉን በብዛት ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። ከብቶቹ በቅርቡ ታክመው ከሆነና ፍጉን ለማብላላት ጊዜ ከሌለ ግን፣ ለአትክልት መደብ በልኩ የተጨመረ ዩሪያ ይሻላል።