«ኤልቨን ኢምፓየር» ከወራት ጨዋታ በኋላ፦ 11 ኤልፍ እስኪሞላ ያለው ጭንቅ

እ.ኤ.አ. በ2021 «ካልድሃይም» ከተባለው የካርድ ስብስብ ጋር የወጣው ይህ የማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የካርድ ጨዋታ ኮማንደር ዴክ (በአንድ መሪ ካርድ ዙሪያ የተዘጋጀ የካርድ ጥቅል) ሐሳቡ አንድ ነው፦ ጠረጴዛውን በኤልፍ፣ ማለትም በተረት የጫካ ፍጡራን፣ ማጥለቅለቅ። 100 ካርድ ነው፣ ቀለሙ ጥቁርና አረንጓዴ። መሪዋ ላትሪል በአራት ማና (ካርድ ለማውረድ የሚከፈል፣ በዋናነት ከመሬት ካርዶች የሚገኝ ኃይል) ትወርዳለች፤ 2/3 (ጉልበት 2፣ ጽናት 3) ስትሆን ሊመክታት የሚፈልግ ቢያንስ ሁለት ፍጡር ማሰለፍ አለበት። በፍልሚያ ተጫዋች ላይ ያደረሰችውን ጉዳት ያህል 1/1 የኤልፍ ተዋጊ ቶክን (ከእጅ ሳይሆን በካርድ ችሎታ የሚፈጠር ፍጡር) ታስገኛለች።

ብዙዎች የሚስቱት ሁለተኛውን ችሎታዋን ነው። ላትሪልን ራሷንና ሌሎች አሥር ኤልፎችን ስታጋድሙ (ካርዱን ወደ ጎን አዙራችሁ ሥራ ላይ እንደዋለ ስታሳዩ) እያንዳንዱ ባላጋራ 10 ሕይወት ያጣል፣ እናንተ 10 ታገኛላችሁ። የሚያስፈልገው እንግዲህ 10 ሳይሆን 11 ኤልፍ ነው። አሥሩ ገና አሁን የገቡ ቢሆኑም ይሠራሉ፤ ላትሪል ግን ተራችሁ ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ካልነበረች አትችልም። ምርጡ ጊዜ ከእናንተ በፊት የሚጫወተው ሰው ተራውን ሊጨርስ ሲል ነው፦ ያኔ 10 ታስወርዳላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ሁሉም ይቃናሉ፣ ወዲያው ሌላ 10። በ40 ሕይወት ጨዋታ አራት ጊዜ ከተጠቀማችሁበት ሁሉም በአንድ ላይ ይወድቃሉ። ላትሪል ካጠቃች ግን ትጋደማለች። ስለዚህ 11 ከሞላ በኋላ እሷን ወደ ፍልሚያ መላክ ኪሳራ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሚሠሩት ኤልቪሽ አርችድሩይድ እና ኢምፔሪየስ ፐርፌክት ናቸው። ሁለቱም ሌሎቹን ኤልፎች +1/+1 ያሳድጋሉ፤ ሁለቱ ካሉ የላትሪል አንድ ምት ከ2 ወደ 4 ቶክን ይወጣል። ቢስት ዊስፐረር ፍጡር በጠራችሁ ቁጥር ካርድ ያስስባል፣ ለቶክን ግን አይሠራም፤ ቶክን አይጠራማ።

ድክመቱ ፍጡራንን በሙሉ የሚጠርግ ካርድ ነው። የሚጎዳው ኤልፎቹ መሞታቸው ብቻ አይደለም፤ ማናውም ከእነሱ ይመጣ ስለነበር አብሮ ይሄዳል። ላትሪልም በሞተች ቁጥር መልሶ የመጥሪያ ዋጋዋ በ2 ይጨምራል፣ 6 ከዚያ 8። በመሬት ብቻ ይህን መክፈል ከባድ ነው። «ኤልፎቹ ማና ይሰጡኛል» ብሎ መሬት ማውረድ የዘለለ ሰው ከዚህ አያገግምም። ባለ 11 ጠረጴዛ ካላችሁ ተጨማሪ ኤልፍ አታውርዱ፣ ሁለት ሦስት በእጅ ይቆዩ። ፖይዝን-ቲፕ አርቸር ጠረጴዛው ላይ ካለ ግን ጠራጊው ራሱ ያስብበታል፦ ሌላ ፍጡር በሞተ ቁጥር እያንዳንዱ ባላጋራችሁ 1 ሕይወት ያጣል፣ አብሯቸው ቢሞትም ይቆጥራል።

ዴኩ ላይ ለውጥ ልታደርጉ ካሰባችሁ መጀመሪያ የሚገባው ሄሮይክ ኢንተርቬንሽን ነው። በሁለት ማና ያላችሁን ሁሉ ከመውደም ያድናል። ፍጡርን -X/-X እያደረገ ከሚገድል ካርድ፣ ለምሳሌ ከቶክሲክ ዴሉጅ፣ ግን አያድንም። ቀጥሎ ስዊፍትፉት ቡትስ፦ ላትሪል ገና እንደወረደች ችሎታዋን እንድትጠቀም ያደርጋል፣ ከባላጋራ ዒላማም ይሰውራታል። ለእነዚህ ቦታ የሚለቀው እንደ ካዙዋልቲስ ኦፍ ዋር ያለው ባለስድስት ማና ካርድ ነው። ጥሩ ካርድ ነው፣ እዚህ ግን ይዘገያል። ተጋድመው የሚገቡትን ባለሁለት ቀለም መሬቶችም ቀስ በቀስ ቀይሯቸው፤ በመጀመሪያው ተራ ባለአንድ ማና ኤልፍ ማውረድ ለሚፈልግ ዴክ እንቅፋት ናቸው።

ካርዶቹ 63 በ88 ሚሊሜትር ስለሆኑ 66 በ91 የሆነ መሸፈኛ ይበቃቸዋል። የምታብረቀርቀው ላትሪል በእርጥበት ትጎብጣለች፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲመጥ የብረት ሽፋኑ አይመጥማ። መሪ ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር አትበወዝም፣ ስለዚህ ጨዋታውን አያበላሽም። አብረው የሚመጡት ቶክኖች ግን ቶሎ ያልቃሉ፣ ዳይስ ያስፈልጋል። አንድ ዳይስ አይበቃም፦ አንዱ የቆሙትን፣ ሌላው የተጋደሙትን ይቁጠር፤ አዲስ የገቡት፣ ማጥቃት ስለማይችሉ፣ የራሳቸው ሦስተኛ ዳይስ ይኑራቸው።