ሚዲያ ኮምፒውተር በዲሽ ሪሞት ወይስ በስልክ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኮዲ የሚባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም የጫነ ኮምፒውተር ከቲቪ ጋር ያገናኘ ሰው ሁሉ በምን ልቆጣጠረው የሚለው ጥያቄ ይመጣበታል።

ወጪ፦ ስልክ ይሻላል፣ ኮር የሚባለው የኮዲ አፕ ነፃ ነው። ለሪሞት ግን ዩኤስቢ የኢንፍራሬድ ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበል እቃ) መግዛት አለብህ፣ ሪሞቱማ አሮጌ የዲሽ ሪሞት ከቤት አይጠፋም።

ማስተካከል፦ ለስልክ ኮዲ ሴቲንግ ገብተህ በኤችቲቲፒ (HTTP) መቆጣጠር የሚለውን ትፈቅዳለህ፣ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ፣ አለቀ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል። ሪሞቱ ነው ትግስት የሚፈልገው፣ የኮምፒውተሩ ሲስተም ሊኑክስ ከሆነ አይአር ኪቴብል (ir-keytable) በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን በተን ስትጫን የሚመጣውን ኮድ እያየህ ኮዲ ከሚያውቀው የኪቦርድ ቁልፍ ጋር ታዛምደዋለህ። ከዛ በፊት ሪሞቱ መስራቱን በስልክ ካሜራ እየው፣ ስትጫነው ጫፉ ላይ ያለችው መብራት ከበራች ደህና ነው፣ የኋላው ካሜራ ካላሳየህ በሰልፊው ሞክር።

ችግር፦ ዲሹ እዛው ክፍል ካለ አንድ በተን ሁለቱንም ያዛል፣ ስለዚህ የሌላ ሞዴል ሪሞት ፈልግ። ስልክ ደግሞ ባለቤቱ ፒያሳ ሲወጣ አብሮት ይወጣል፣ ቤት የቀሩት እማማ በምን ይክፈቱት? ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ቲቪ የቤተሰብ ነው እኮ።

ብቻህን የምትኖር ከሆነ ስልኩ ይበቃሃል። ትልልቅ ሰውና ልጆች ካሉ ሪሲቨሩን ግዛ፣ ኮምፒውተሩ ከቲቪ ጀርባ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ወደፊት አውጣው፣ ኢንፍራሬድ እቃ አልፎ አይሄድም።