ላቀች የከሰል ምድጃ፦ በአራት ኪሎ ጀበና ቡና መሸጫዎች የታየችው

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ካዋጣው ገንዘብ ምን ይሠራበት በሚለው ጉዳይ ስብሰባው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ ባነርና ቲሸርት ይታተም አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ለክረምት ችግኝ ይቀመጥ አለ። እኔ ያቀረብኩት የከሰል ምድጃ ነው። አራት ኪሎ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ከትምህርት በኋላ የምንሰበሰብባቸው የጀበና ቡና መሸጫዎች ከጠዋት እስከ ማታ ከሰል ሲያነዱ ይውላሉ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምንከራከረው እነዚያው ዱካዎች ላይ ተቀምጠን ስለሆነ፣ ሥራው ከዚያው እንዲጀመር ፈለግሁ። ብዙ ክርክር አልፎ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ።

ለቡና ሻጮቹ የገዛነው ላቀች የምትባለውን ምድጃ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጥሩ ዕቃ ናት፤ ሌሎች የተማሪ ክበባትም እንዲገዟት እመክራለሁ። ነገር ግን ጉድለቷን ሳያውቅ የገዛት ሰው ብዙም ሳይቆይ ጥሏት ወደ ቆርቆሮው ማንደጃ ይመለሳል። ስለዚህ ጉድለቷንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ላቀች አዲስ ነገር አይደለችም። ጂኮ በሚባለው የኬንያ የከሰል ምድጃ አርአያ ተሠርታ በአገራችን የተዋወቀችው በ1980ዎቹ ነው። ከውጭ ስትታይ እንደማንኛውም ማንደጃ ቆርቆሮ ናት፤ ልዩነቱ ከውስጥ ነው። የላይኛው ክፍሏ ሸክላ ተለብጦበታል፤ ከሰሉ የሚያርፈውም ቀዳዳ ባለው ሸክላ ላይ ነው። ከሥር አመድ የሚወርድበትና አየር የሚገባበት ትንሽ በር አላት። ተራው ማንደጃ ሙቀቱን በጎኑ ሁሉ ይበትነዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እግሩ የሚለበልበው ለዚህ ነው። ሸክላው ግን ሙቀቱን ይይዝና ወደ ጀበናው ይመልሰዋል። ቡናው ከፈላ በኋላ በሯን ገርበብ ቢያደርጉት ፍሙ በቀስታ እየነደደ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጀበና ያደርሳል።

ከተራው ማንደጃ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል እንደምትቆጥብ በሰፊው ይነገርላታል። እኛም በኩሽና ሚዛን እየመዘንን፣ ተመሳሳይ ጀበናና ተመሳሳይ ውኃ ይዘን ሞከርናት። ቤት ውስጥ ነፋስ በሌለበት ወደ ሩብ ተጠጋ። አስፋልት ዳር ግን ቁጠባው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፤ ምክንያቱም ነፋሱ በበሩ ይገባና ፍሙን ያራግበዋል። በሩን ነፋስ ወደማይመጣበት አቅጣጫ ማዞር ብቻ ልዩነቱን አጠበበው። ይህችን ትንሽ ነገር የነገረን ሻጭ አልነበረም።

አንድ አምስተኛ ከሰል ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ከሰል ሲከሰል እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፈንና አየር ተነፍጎት ለቀናት ይጨሳል። በዚህ ባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያልቃል። የቀረው ጉልበት በጭስ መልክ ይሄዳል። ጭሱ ውስጥ ሚቴን አለ፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እጥፍ በላይ ሙቀት የማመቅ ኃይል አለው። ስለዚህ አራት ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ከሰል ሲተርፍ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቢያንስ አምስት ኪሎ ግራር ሳይቆረጥ ይቀራል ማለት ነው። ከተማችን በማገዶ ችግር የተፈተነችው ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው በዚሁ እጦት የተነሣ ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ኢትዮጵያ የምትለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከዓለም ድምር ከአንድ በመቶ በታች ስለሆነ የእኛ ማንደጃ ምንም አይለውጥም ይላሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ድርቅና ጎርፍ ግን በድርሻ ልክ ተመጥኖ አይመጣም፤ የሚራቆተውም የእኛው መሬት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ ስንተክል ቆይተናል፤ እኔም ከተከሉት አንዷ ነኝ። የተተከለው እስኪያድግ የቆመው እንዳይቆረጥ ማድረግ ደግሞ የዚያው ሥራ ሌላኛው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ግዢው ልመለስ። ምድጃዎቹን ያገኘናቸው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። በርሜልና አሮጌ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ሠፈር ስለሆነ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ አያስቀርም፤ ሻጩን ለማነጋገር ወደ ጆሮው መጠጋት ያስፈልጋል። ዋጋዋ ከተራው ማንደጃ እጥፍ ገደማ ነበር። የሁሉም ሥራ ግን እኩል አይደለም። አንዱ መደብ ላይ ያየናቸው ላቀቾች ሸክላቸው በስሱ የተለበጠ፣ በቆርቆሮውና በሸክላው መካከል የተሞላው ሲሚንቶም ገና ሳይነኩት የሚረግፍ ነበር። ሌላው ጋ ያሉት ወፍራምና በደንብ የተቃጠሉ ናቸው። አብረውን የሄዱት ቡና ሻጭ አንዷን አንስተው የሸክላውን ከንፈር በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ዐይን ያላየው ስንጥቅ አለበት። እሳቸው የመለሷቸውን እኛ ብንሆን ያለ ጥርጥር እንገዛቸው ነበር። ሸክላው ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም መታየት አለባቸው፤ ሰፊ ከሆኑ ደቃቁ ከሰል ሳይነድ ከአመዱ ጋር ይወርዳል።

የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው ሥራ በተጀመረ ማግስት ነው። “ልጆቼ፣ ቸር ናችሁ፤ ግን እሳቱ ይዘገይብኛል” አሉን መርካቶ አብረውን የሄዱት ሴት። እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፤ ሸክላ ግን መጀመሪያ ራሱ ሙቀት ይጠጣል። ጠዋት ወደ ቢሮና ወደ ክፍል የሚሮጠው ደንበኛ ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። “እትዬ፣ ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ቀደም ብለው ቢያቀጣጥሉትስ?” አልናቸው። እንደዚያ ማድረግ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ፍሙ ስለሚቆይ የረፋዱን ከሰል መጨመር ተዉት። ያም ሆኖ መዘግየቱ የላቀች ትልቁ ጉድለት መሆኑን አልክድም። በቀን አንዴ ብቻ ቡና ለሚያፈላ ቤት ጥቅሟ ይቀንሳል፤ ጥቅሟ ጎልቶ የሚወጣው እሳቱ ረዘም ላለ ሰዓት ሲቆይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት መሰንጠቋ ነው። ብዙ ቡና ሻጮች ማታ የተረፈውን ፍም ለነገ ለማትረፍ ውኃ ያርከፈክፉበታል። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ሸክላው ባንድ ጊዜ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ፍሙን አውጥቶ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ማፈን ያንኑ ሥራ ያለ ጉዳት ይሠራል። አዲስ ሲሆንም መጀመሪያ በጥቂት ከሰል ማሟሸት ያስፈልጋል። ይህን በቃል ብቻ መናገር አይበቃም፤ ምድጃ ያከፋፈለ ክበብ በማግስቱም በሳምንቱም ተመልሶ ማየት አለበት።

ለተከራይ ተማሪዎች በጣም የምለምነው ነገር አለ። ላቀች ከሰል ትቆጥባለች እንጂ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አታጠፋም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ፍም ወደ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ምድጃው የተሻሻለ ስለሆነ ችግር የለውም ብሎ የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት።

ክፍሉ ውስጥ መብራት ላለው ተማሪ ደግሞ ከላቀች ይልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አስፋልት ዳር የተቀመጠች እናት ግን ሶኬት ከየት ታመጣለች? ላቀችን የመረጥነው ለእነሱ ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ በነፃ አልሰጠንም። የቡና ሻጮቹ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ስለሆነ ሙሉ ዋጋውን ባንድ ጊዜ ክፈሉ ማለትም አልቻልንም። እነሱ ራሳቸው ዕቁብ አላቸው፤ በዕቁባቸው ቀን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ይመልሱልናል፤ የተመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ሰው ምድጃ ይገዛል። ከከሰል የሚተርፈው ብር ክፍያውን ስለሚሸፍን እስካሁን ያቋረጠ የለም። ሸክላው የተሰነጠቀበት ምድጃም አልተጣለም፤ ቆርቆሮውን ወደ ምናለሽ ተራ ወስደን ከአዲስ ምድጃ በጣም ባነሰ ዋጋ ሌላ ሸክላ አስገጠምንለት። ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከመዋጮው የተወሰነውን ለመለዋወጫ ሸክላ እንዲመደብ ጠይቄአለሁ። ሥራውን የምትጀምሩ ክበባትም ምድጃውን የምትገዙበትን ሰው ከመምረጣችሁ በፊት ሸክላ ይቀይር እንደሆነ ጠይቁት።